ባሕሩ በመስታወት ውስጥ፦ ከምጽዋ ኮራል እስከ መገጭ አፍ

በ1835 እ.ኤ.አ. ፍራንክፈርት ላይ መታተም የጀመረ አንድ የእንስሳት መጽሐፍ አለ። ገለጥ ሲያደርጉት ዋልያ ይመጣል፤ ጭላዳ ይመጣል፤ ቀይ ቀበሮ ይመጣል። ሦስቱም የሰሜን ተራሮች ልጆች ናቸው። በሌላው ክፍል ደግሞ የቀይ ባሕር ዓሦች ተሰልፈዋል። ከነሱ አንዱ አካሉ ሰማያዊ፣ አናቱና ጀርባው ቢጫ የሆነ፣ በቁመት ከጣት ብዙም የማይበልጥ ዓሣ ነው። ያ ትንሽ ዓሣ ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ ሳሎኖች ውስጥ፣ በጨው ውሃ በተሞላ መስታወት፣ ከኮራል ጋር ይኖራል። ዋልያው ግን እዚያው ገደሉ ላይ ነው።

የመጽሐፉ ደራሲ ኤድዋርድ ሩፔል ይባላል። ይህን ሰው ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከ2016 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ በአገራችን ስለ ባሕር በር ያላወራ ሰው የለም። ወደብ፣ የወደብ ኪራይ፣ የባሕር ኃይል፣ የመግባቢያ ሰነድ፣ ታሪካዊ መብት፤ ሁሉም ተብሏል፤ በዚህ ቻናልም ተብሏል። ባሕሩ ውስጥ ምን እንዳለ፣ በምን እንደሚኖር፣ በምን እንደሚሞት የጠየቀ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም። የዛሬው ጽሑፍ ከዚያ ይጀምርና ወደ ጎንደር ቧንቧ ይወርዳል። ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ።

ሩፔል የፍራንክፈርት ባለባንክ ልጅ ነው። ንግዱን ትቶ ተፈጥሮን ማጥናት መረጠ። በ1820ዎቹ የመጀመሪያ ጉዞው ግብጽን፣ ሱዳንንና የቀይ ባሕር ዳርቻን አየ። በ1831 ለሁለተኛ ጊዜ መጥቶ ምጽዋ ደረሰ፤ ከባሕሩ ዳር ወራት ቆይቶ በ1832 ወደ ደጋው ወጣ። ሰሜንን አቋርጦ በዚያው ዓመት ጎንደር ገባ፤ የወጣው በ1833 ነው። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነው። ሰሜን በደጃዝማች ውቤ እጅ ነው፤ ጎንደር ላይ ንጉሠ ነገሥት ተብሎ የሚቀመጠው ሰው ከስሙ በቀር ብዙ የቀረው ነገር የለም። እንግዳው ግን ከንጉሡ ይልቅ ተራራውን ያይ ነበር። ዋልያውን፣ ጭላዳውን፣ ቀይ ቀበሮውን ለዓለም ሳይንስ በጽሑፍ ያስተዋወቀው ከዚያ ጉዞ በኋላ ነው። ከቀይ ባሕርም ብዙ ዓሦችን ሰይሟል፤ በኮራል አኳሪየም የሚያረቡ ሰዎች ዛሬ የሚወዱትን ባለ ሁለት ነጭ መቀነት የቀይ ባሕር ክላውንፊሽ በ1830 የገለጸው እሱ ነው።

ከሱ በፊት የሞከሩት አልቀናቸውም። ሄምፕሪክና ኤረንበርግ የሚባሉ ሁለት ጀርመናውያን በ1825 እስከ ምጽዋ መጥተው ሐበሻ ደጋ ለመውጣት ሲዘጋጁ ሄምፕሪክ በወባ መሰል ትኩሳት እዚያው ሞተ። ኤረንበርግ ተመልሶ በ1834 ስለ ቀይ ባሕር ኮራሎች ጻፈ። ከነሱም በፊት ስዊድናዊው ፎርስኮል ዓሦቹን መዝግቦ በ1763 የመን ውስጥ ሞቷል፤ መጽሐፉ የወጣው ከሞተ ከ12 ዓመት በኋላ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሩፔል የደጋውን እንስሳት ሲሰይም አማርኛውን እንዳለ ወሰደ። ዋልያ በላቲኑ ስም ውስጥ ዋልያ ሆኖ ገባ፤ ጭላዳም እንዲሁ። ከጣና የወሰዳቸው ዓሦች ጎርጓሪና በሶ ዛሬም በዓለም የሳይንስ መዝገብ በነዚሁ ስሞች ይጠራሉ። የቀይ ባሕር ዓሦች ግን የአገር ቤት ስም ሲኖራቸው ስሙ ዐረብኛ ነው፤ ፎርስኮል ከዓሣ አጥማጆች አፍ የሰማው። ጠያቂው ያገኘው የሚያውቀውን ሰው ነው። ደጋው ላይ እንስሳውን በስሙ የሚጠራ አማርኛ ተናጋሪ ነበር። ባሕሩ ላይ ያን ስም የሚያውቀው ዐረብኛ ተናጋሪው አጥማጅ ነበር። ስለ ታሪካዊ መብት በምንከራከርበት ሰዓት ይቺን ነገር ብዙ ሰው አይወዳትም፤ ግን መዝገቡ ላይ ያለችው እሷ ናት።

የሩፔል ዓሦች ፍራንክፈርት የደረሱት ሞተው ነው። በሕይወት የማድረሱ ጉዳይ ሌላ ታሪክ ነው፤ የማጣሪያ ታሪክ።

በ1846 አና ታይን የምትባል የለንደን ሴት ከእንግሊዝ ደቡብ ዳርቻ ጥቂት ኮራሎችን በማሰሮ አምጥታ ቤቷ ውስጥ አኖረች። ውሃው እንዳይበላሽ በየቀኑ ከመስኮት አጠገብ ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው ከፍ አድርጎ መገልበጥ ነበረበት። ያን ያደርግ የነበረው የቤት ሠራተኛዋ ክንድ ነው። የዓለም የመጀመሪያው የአኳሪየም ፓምፕ ስሟ ያልተጻፈ የቤት ሠራተኛ ናት ብል ብዙም አላጋነንኩም። በ1853 የለንደን የአራዊት ማሳያ የዓሣ ቤት ከፈተ። በዓመቱ ፊሊፕ ጎስ መጽሐፍ ጽፎ «አኳሪየም» የሚለውን ቃል አስለመደ። አውሮፓ ውስጥ ነገሩ ፋሽን ሆነ፤ ብዙም ሳይቆይ በየሳሎኑ ያለው ዓሣ አለቀ።

ለምን አለቀ? ዓሣ ይበላል፤ ያስወግዳል። ያስወገደው አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያ ዓሣውን ይገድላል። በወንዝና በባሕር ይህን የሚያስተካክሉ ባክቴሪያዎች አሉ፤ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጣሉ። ናይትሬት መርዝነቱ ያነሰ ነው፤ ግን ከፎስፌት ጋር ሲከማች አልጌ ያበቅላል፤ አልጌው ኮራሉን ያፍነዋል። አየር በማይደርስበት የድንጋይ ውስጠኛ ክፍል የሚኖሩ ሌሎች ባክቴሪያዎች ደግሞ ናይትሬቱን ወደ ጋዝ ለውጠው ወደ አየር ይመልሱታል። ይኸው ነው። የማጣሪያ ጥበብ ሁሉ ለነዚህ ጥቃቅን ሠራተኞች ቤት መሥራት ነው።

ይህን ነገር ከዓሣ አርቢዎች በፊት የውሃ መሐንዲሶች ሳያውቁት ሠርተውበታል። በ1804 ስኮትላንድ ውስጥ ፔዝሊ በምትባል ከተማ የአሸዋ ማጣሪያ ተሠራ። በ1829 ለንደን ላይ የቼልሲ ውሃ ድርጅት ቴምዝን በአሸዋ እያጣራ ማደል ጀመረ። አሸዋው ቆሻሻ የሚይዝ ወንፊት መሰላቸው። እውነተኛው ሥራ ግን በአሸዋው ፊት ላይ በሚያድገው ሕያው አንሶላ የሚሠራ ነበር። በ1892 ኮሌራ ሐምቡርግ ሲገባ የዚህ ማረጋገጫ መጣ። ሐምቡርግ የኤልበን ውሃ ሳታጣራ ትጠጣ ነበር፤ ሺዎች ሞቱ። አልቶና ጎረቤቷ ናት፤ ከዚያው ወንዝ፣ እንዲያውም ከሐምቡርግ በታች፣ ትቀዳለች፤ ግን በአሸዋ ታጣራለች። የበሽታው ድንበር በሁለቱ ከተሞች የውሃ መሥመር ላይ ቆመ።

ጎንደር ይህን ትምህርት ታውቀዋለች። በ1954 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት ካሠለጠናቸው ባለሙያዎች መካከል ሳኒታሪያኖች ነበሩ። ከጤና መኮንኑና ከነርሷ ጋር በቡድን ሆነው ወደ ወረዳ ይወርዱ የነበሩት እነሱ ናቸው። የምንጭ ጥበቃ፣ የሽንት ቤት ቁፋሮ፣ የውሃ ክሎሪን፤ ሥራቸው ይህ ነበር። ስለ ኮሌጁ ስናወራ ሐኪሞቹን እናነሣለን፤ ሳኒታሪያኖቹን እንረሳቸዋለን። ከተማዋ ዛሬ ያለባትን ችግር ሳስብ ግን የጎደለችን የዚያ ሙያ ክብር ትመስለኛለች።

ወደ ባሕሩ እንመለስ። ኮራልን በቤት ውስጥ የማኖር ነገር መቶ ዓመት ያህል ሳይሳካ ቆየ። በ1961 ሊ ቺን ኤንግ የሚባል የጃካርታ ሰው በአንድ የዓሣ መጽሔት ላይ ዘዴውን ጻፈ። ያደረገው ነገር ቀላል ነበር፤ ሕይወት ያለበትን የባሕር ድንጋይ ከነተባዩ አምጥቶ መስታወቱ ውስጥ ከመረ፤ ጥቂት የአየር አረፋ ሰጠው፤ በቃ። ድንጋዩ ራሱ ማጣሪያ ሆነ። ፈረንጆቹ ያን ጊዜ በጠጠርና በፓምፕ እየተጨነቁ ነበር። የምዕራቡ ዓለም የዚህን እስያዊ ዘዴ ዋጋ እስኪያውቅ ብዙ ዓመት ወሰደ።

ቀጥሎ የመጡት ጀርመኖች ናቸው። የበርሊን ዘዴ የሚባለው እዚያ ተወለደ፤ ሕያው ድንጋይ፣ ብርቱ ብርሃንና ስኪመር። ስኪመር ምንድነው ላላችሁ፤ ሥጋ ሲቀቀል እናቶቻችን በጭልፋ የሚገፉትን አረፋ አስቡ። በረጅም ቱቦ ውስጥ የጨው ውሃና ደቃቅ የአየር አረፋ ይደባለቃሉ። ከዓሣ የሚወጣው ፕሮቲንና ቅባት በአረፋው ላይ ተጣብቆ ወደ ላይ ይወጣና በላይኛው ጽዋ ይጠራቀማል። ጠረኑን አልነግራችሁም። ጥቅሙ ግን እዚህ ላይ ነው፤ ቆሻሻው ገና አሞኒያ ሳይሆን ከውሃው ይወጣል። ሌሎች ማጣሪያዎች ቆሻሻውን ይለውጡታል፤ ስኪመር ያስወጣዋል። መለወጥና ማስወጣት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይቺን ልዩነት ያዙልኝ፤ ኋላ መገጭ ላይ ታስፈልገናለች።

ኮራል ሌላም ችግር አለበት። አጥንት ይሠራል። አጥንቱ ኖራ ድንጋይ ነው፤ ስለዚህ በውሃው ውስጥ ያለውን ካልሲየም በየቀኑ ይበላል። በባሕር ውሃ አንድ ሊትር ውስጥ 400 ሚሊግራም ከትንሽ ትርፍ ጋር ካልሲየም አለ፤ በትንሽ መስታወት ውስጥ ግን ይህ ቶሎ ያልቃል። በዚህ ጊዜ ፒተር ዊልከንስ ያስተማረው ዘዴ የኖራ ውሃ ነበር። የተሟጠጠ ንጹሕ ኖራ በውሃ ይበጠበጣል፤ ሲረጋ ጥሩው ከላይ ይወሰዳል፤ ሌሊት ሌሊት ጠብ ጠብ እየተደረገ በትነት የጎደለውን ይተካል። ከዚያ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀርመን ውስጥ የካልሲየም ሪአክተር ተስፋፋ። ይህ አንድ የተዘጋ ቱቦ ነው፤ ውስጡ የተፈጨ የሞተ ኮራል አለ። ከሲሊንደር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይገባበታል፤ ውሃው ይኮመጥጣል፤ የሞተው ኮራል ይሟሟል፤ የሟሟው ለሕያው ኮራል ምግብ ይሆናል።

ኖራ ሲባል ጎንደሬ ጆሮው መቆም አለበት። በሱስንዮስ ዘመን ኖራ ለግንባታ በሰፊው መሠራት ጀመረ፤ በልጁ በፋሲል ጊዜ ግንቡ በሱ ተነሣ። ኖራው የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ድንጋዩ ይቃጠላል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣል፤ በውሃ ይሟጠጣል፤ ከአሸዋ ጋር ተቦክቶ ግንብ ላይ ይገባል፤ ከዚያ በዓመታት ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ከአየር መልሶ ይስብና ድንጋይ ይሆናል። የፋሲል ግንብ በዝግታ አየር ሲጠጣ የኖረ ነው ማለት ይቻላል። የካልሲየም ሪአክተር ይህንኑ ወደ ኋላ ያስኬደዋል፤ በጋዙ ድንጋዩን መልሶ ወደ ውሃ ይቀይረዋል። ኮራሉ ደግሞ ከውሃው መልሶ ድንጋይ ይሠራል። ጣሊያኖች በ1930ዎቹ ግንቡን ሲጠግኑ ሲሚንቶ ተጠቀሙ፤ አልሆነም። የኋላ ጠጋኞች ሲሚንቶውን እያነሡ ወደ ኖራ ተመለሱ። ሲሚንቶ ይደርቃል እንጂ እንደ ኖራ አይተነፍስም፤ እርጥበቱን ያፍናል። ዘመናዊ ስለሆነ ይሻላል ብሎ መግዛት ምን እንደሚያመጣ የሚያሳይ ምሳሌ ግቢው ውስጥ ቆሞልን ነበር።

ኢትዮጵያ የራሷ ኮራል ነበራት ብላችሁ ታምናላችሁ? ነበራት። ከዛሬ 125 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ቀይ ባሕር ወደ ዳናክል ረባዳ ገብቶ ነበር። ባሕሩ ሲተን ጨው ቀረ፤ በረባዳው ዙሪያ ደግሞ ኮራሎቹ ዛሬም ድንጋይ ሆነው ይታያሉ። ከዚያው ረባዳ እየተጠረበ በግመልና በአህያ ደጋ የወጣው አሞሌ በጎንደር ገበያ ገንዘብ ሆኖ ኖሯል። ጎንደሬ ባሕሩን ባያየውም ይዞት ይዞር፣ ይልሰው፣ ይገበያይበት ነበር። እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው።

እንግዲህ አንድ ባለሀብት ጎንደር ላይ ሆቴል ከፍቶ እንግዳ መቀበያው ውስጥ የኮራል አኳሪየም ላቁም ቢል ምን ይግዛ? ጥያቄው የቅንጦት ይመስላል። ግን ስንፈታው የከተማዋን ኑሮ ይነግረናል። 200 ሊትር የሚይዝ መካከለኛ መስታወት እንውሰድ።

መጀመሪያ ጨው። አሞሌ አይሆንም። አሞሌ ከሞላ ጎደል ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው፤ ኮራል ማግኒዝየም ይፈልጋል፣ ካልሲየም ይፈልጋል፣ ሌላም ብዙ። ለአኳሪየም ተብሎ የተዘጋጀ የባሕር ጨው ከውጭ መምጣት አለበት። በሊትር 35 ግራም ስናሰላ ለመነሻ 7 ኪሎ፤ በየሳምንቱ ከውሃው አንድ አሥረኛው ቢቀየር በዓመት ሌላ 36 ኪሎ ገደማ። ኮራሉም ዝም ብሎ በሻንጣ አይገባም፤ ድንጋያማ ኮራሎች በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ሥር ናቸው፤ ኢትዮጵያም ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አባል ናት። ፈቃድ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ አየር። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳር ወደ 77 ከመቶ ይወርዳል፤ በውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የምጽዋ ዓሣ ጎንደር ሲመጣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ስለዚህ እዚህ ስኪመር ቆሻሻ ማውጫ ብቻ ሳይሆን ሳንባም ነው፤ ለሌላ ቦታ ከሚመከረው አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን መግዛት ይገባል። በነገራችን ላይ ስኪመር አየሩን የሚስበው ከክፍሉ ነው። ቡና በከሰል በሚፈላበት፣ ዕጣን በሚጨስበት ክፍል ውስጥ ከቆመ ጭሱንና ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይዞ ይገባል፤ የውሃው ፒኤች ይወርዳል። የአየር ቱቦውን በመስኮት ማውጣት ነው መፍትሔው። በፈረንጅ መመሪያ ላይ ስለ ረከቦት አልተጻፈም።

ሦስተኛ መብራት። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ ከፍታው ላይ ደግሞ የመጠባበቂያው ኦክስጅን ትንሽ ነው። ሰዓታት ይበቁታል። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ከሁሉም በፊት መገዛት አለበት፤ ዋጋው ከሁሉም ያነሰ ነው፤ ብዙ ሰው ግን መጨረሻ ላይ ያስታውሰዋል። ለቆላ ሰዎች ራስ ምታት የሆነው ማቀዝቀዣ ግን እዚህ አያስፈልግም፤ የጎንደር ሌሊት ቀዝቃዛ ስለሆነ የሚያስፈልገው ማሞቂያ ነው።

ካልሲየሙስ? እዚህ ላይ የኔ ምርጫ ከሱቅ ሻጩ ይለያል። ሻጩ ሪአክተሩን ያቀርባል፤ ሲሊንደር፣ መቆጣጠሪያ፣ ቧንቧ፣ ፓምፕ፣ የፒኤች መለኪያ። ጋዙ ለጎንደር እንግዳ አይደለም፤ የቢራ ከተማ ናትና። ችግሩ ሌላ ነው። ሪአክተር የሚሠራው ሳይቋረጥ ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ጋዙና ፓምፑ እኩል ካልተነሡ ውሃው ይኮመጥጣል። ለትልቅ፣ በድንጋያማ ኮራል ለተሞላ ገንዳ ሪአክተር ይገባል፤ ለ200 ሊትር ግን የኖራ ውሃ ይበቃል። ርካሽ ነው፤ በስበት ብቻ ጠብ ይላል፤ የክፍሉን ትርፍ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ራሱ ይይዛል። ኃይለኛ ነው፤ ፒኤቹ ከ12 በላይ ስለሆነ በአንድ ጊዜ የፈሰሰ እንደሆነ ገንዳውን ይጨርሰዋል። ኖራውም ንጹሑ ይሁን እንጂ የግንብ ኖራ አይሁን። የቀሩት ሪአክተሮች፣ ፎስፌት የሚይዘው የብረት ዝገት ቅንጣት፣ ናይትሬት የሚበላው የድኝ ቱቦ፣ ሌላም ሌላም፣ በአብዛኛው ዓሣውን ከልክ በላይ የመመገብ ዕዳ መክፈያዎች ናቸው። መኖውን መቀነስ ከሁሉም ይረክሳል።

አሁን ዋናው ነገር፤ ውሃ። ኮራል የቧንቧ ውሃ አይወድም፤ በአር ኦ ማጣሪያ ማለፍ አለበት። አር ኦ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ሲሰጥ ብዙ ጊዜ ሦስት ሊትር ያህል ይደፋል። ለ200 ሊትር ገንዳ ለሳምንታዊ ቅያሪ 20 ሊትር፣ በጎንደር ደረቅ አየር ለሚተነው በቀን 3 ሊትር ብንል፣ በሳምንት 41 ሊትር ንጹሕ ውሃ ያስፈልጋል። ለዚያ ከ160 ሊትር በላይ የቧንቧ ውሃ ይገባል። ስምንት ጀሪካን ማለት ነው። የሚደፋው ውሃ ለልብስና ለወለል ይሆናል፤ ቢሆንም ስምንት ጀሪካን ስምንት ጀሪካን ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባት ከተማ፣ እናቶች ቢጫ ጀሪካን በሚያሰልፉበት ሰፈር፣ ይህ ሒሳብ ባለሀብቱን ሊያሳፍረው ይገባል። እኔን ቢጠይቀኝ ሎቢው ውስጥ ሳይሆን ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ይቁም፤ ተማሪ አሞኒያና ናይትሬት እየለካ ይማርበት እላለሁ። ኬሚስትሪው አንድ ነውና ከዚያ ተነሥቶ ቀሃ ወንዝ ድረስ ይሄዳል።

ቀሃን አነሣን። በፋሲል ስም የሚጠራው ጥምቀተ ባሕር፣ አንዳንዶች የቀዳማዊ ኢያሱ ሥራ ነው የሚሉት፣ በየዓመቱ ለጥምቀት ከዚህ ወንዝ በቦይ ይሞላል። ገንዳው ወደ 50 ሜትር በ30 ነው፤ ጥልቀቱን 2 ሜትር ብንል 3 ሺህ ሜትር ኩብ ውሃ ይሆናል። ፓምፕ የለውም፤ ሰባኪም ሆነ መሐንዲስ ቢጠይቃችሁ መልሱ አንድ ነው፦ ቁልቁለት። ስሙንም አስተውሉ፤ ጥምቀተ «ባሕር»። አባቶች የአዘዞው ገነተ ኢየሱስም ገንዳ እንዳይጎድለው አድርገዋል። ውሃን አምጥቶ በድንጋይና በኖራ መያዝ ይችሉ ነበር። ወንዙ ግን ያኔ ከላይ ንጹሕ ሆኖ ይመጣ ነበር። ዛሬ ቀሃ፣ ሽንታና አንገረብ የሚያልፉት ማእከላዊ የፍሳሽ መሥመር በሌላት፣ በየዓመቱ በምታድግ ከተማ መካከል ነው።

አንገረብ ላይ የተሠራው ግድብ የከተማዋ ዋና የውሃ ምንጭ ሆኖ ቆይቷል። በደለል ተጎድቷል። ደለሉ የመጣው ከላይ ካለው የተራቆተ ተዳፋት ነው። ማጣሪያ ጣቢያው አሸዋና ኬሚካል ቢኖረውም፣ የጭቃው ብዛት ሲጨምር ማጣሪያው ቶሎ ይደፈናል፤ ኬሚካሉ ይበዛል፤ ውሃው ያንሳል። አኳሪየም ያለው ሰው ይህን ያውቃል፤ መኖውን ሳይቀንስ ማጣሪያ ላይ ማጣሪያ የሚጨምር ሰው ገንዘቡን ይጨርሳል እንጂ ውሃው አይጠራም። የአንገረብ የመጀመሪያው ማጣሪያ ተፋሰሱ ላይ ያለው ሣር፣ እርከንና ዛፍ ነው። ትልቁ ተስፋ የመገጭ ግድብ ነበር፤ ለመስኖም ለከተማዋ መጠጥ ውሃም ታስቦ ተጀምሮ ዓመታት ተጓተተ። እሱም ሲያልቅ ያው ደለል ይጠብቀዋል።

ቀሃና አንገረብ ወደ መገጭ ይገባሉ፤ መገጭ ወደ ጣና። በ2011 እ.ኤ.አ. እምቦጭ ጣና ላይ መጀመሪያ የታየው የት ነበር? የመገጭ መግቢያ አፍ ላይ። ከተማው የለቀቀው ናይትሬትና ፎስፌት፣ ከማሳ የታጠበው ማዳበሪያና አፈር ከሐይቁ የሚገናኝበት ቦታ ነው። አረሙን ማን እንዳመጣው ብዙ ተከራክረናል፤ ሴራም ተፈልጎለታል። ምግቡን ማን እንዳቀረበለት ግን ብዙ አልተጠየቀም።

እዚህ ላይ ያዙልኝ ያልኳትን ልዩነት አምጡ። ከኮራል አርቢዎች መካከል በስኪመር ፋንታ አልጌ የሚጠቀሙ አሉ፤ ዋልተር አዴይ የሚባል የስሚዝሶኒያን ተመራማሪ በ1980ዎቹ ያስፋፋው ዘዴ ነው። በጎን ባለ ሣጥን ውስጥ አልጌ ያበቅላሉ፤ አልጌው ናይትሬቱንና ፎስፌቱን ይበላል፤ በየሳምንቱ ያጭዱና ወደ ውጭ ይጥሉታል። ቁም ነገሩ ወደ ውጭ መጣሉ ላይ ነው። አጭደህ ሣጥኑ ጥግ ብትተወው ይበሰብስና የበላውን ሁሉ ወደ ውሃው ይመልሳል። ጣና ላይ ምን አደረግን? ሕዝቡ በእጁ፣ በወገቡ እስከሚነካ ውሃ ውስጥ ቆሞ አጨደ፤ ማሽኖች ተገዙ፤ ብዙዎቹ ሲሠሩ ከታዩበት ጊዜ ቆመው የታዩበት ይበዛል። የታጨደው በየዳርቻው ተከመረ። ክረምት መጣ፤ ሐይቁ ሞላ፤ ክምሩ ተመልሶ ውሃ ገባ። በዚያ ሁሉ ላብ ውስጥ ከሐይቁ የወጣው ናይትሬት ስንት ነው ብሎ የለካ ኮሚቴ ቢኖር ኖሮ ክምሩን ለማዳበሪያ፣ ለባዮጋዝ ከዳርቻው ራቅ አድርጎ ማጓጓዝ ከማሽኑ ግዢ እኩል በጀት ይያዝለት ነበር።

መገጭ ላይ ሌላም እንግዳ አለ። የጣና ነጭ ዓሦች ዘር፣ ከነሱም ሩፔል ስማቸውን በአማርኛ የጻፋቸው፣ ብዙዎቹ በክረምት ሐይቁን ትተው ወደ ወንዞቹ ይወጣሉ። እንቁላላቸውን የሚጥሉት ንጹሕ ጠጠር ላይ፣ ፈጣንና ኦክስጅን የበዛበት ውሃ ውስጥ ነው። ጠጠሩ በደለል ሲሸፈን እንቁላሉ ይታፈናል፤ ግድቡ ሲዘጋ መንገዱ ይቆማል፤ በአፉ ላይ መረብ ሲዘረጋ እናቲቱ ሳትደርስ ትቀራለች። ሰኔ መጨረሻ ላይ የመጀመሪያው ድፍርስ ጎርፍ ሲወርድ፣ እነሱ በተቃራኒው ሽቅብ ይጀምራሉ።